አቴንስ የሚሄድ ሰው ተገኘ

ጥፋቱ የዘገዬ ነው። ማንያህልሻል ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ብላ ስታስጠነቅቀው ከርማ፣ እሑድ ቸርች ውስጥ ብድግ አለና፣ ባለቤቴ ለቫኬሽን አቴንስ ልትሄድ ነውና በጸሎት አስቧት ብሎ አረፈው። ወይ ዘገዬ! ምእመኑ አሜን ብሎ ሳይጨርስ ማን ምን እንደሚልክ ማውጠንጠን ጀምሮ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ፋታ ነሳት፤ አንሰሪንግ ማሽኑ ሞላ። አንዱ ጃኬት፣ አንዷ የልጅ ጫማ፣ ሌላው ደግሞ ክብደት የላትም የሚላት ብረት ድስት። ለሁሉም አልወስድም አለቻቸው። እንዲህ ያለ ቃል አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ባለው ሐበሻ መካከል ተሰምቶ አያውቅም። የአሜሪካ ፓስፖርት ስታገኝ ልቧ አበጠ ተባለች። ይባላ! አቴንስን እንደሆነ ታውቀዋለች። በስደት ዘመኗ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ስትጠርግ፣ ያንን አክሮፖሊስ የሚሉትን ፍርስራሽ ኮረብታው ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ያየችው ምንጣፍ ስታራግፍ ነው። እመቤቲቱ ወደ ደጅ አታስወጣትም ነበር። አሁን ቤክስሊ በሚባለው የሀብታም ሰፈር የአልጋ ቁራኛ አሮጊት እያገላበጠች ባጠራቀመችው ገንዘብ፣ አንዴ እንኳ እጇን እያወዛወዘች፣ እንደ ሰው፣ ያንን ኮረብታ መውጣት አማራት። ሸክም ይዛ ከሆነማ ያው ገረድነቷ ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ሳሎኑ መሐል ሻንጣ ተገትሯል። የቸርቻቸው አባል የእትዬ ማሚቴ ነው፤ አቴንስ የሰው ቤት ለምትሠራው ታናሽ እህታቸው ለቤተልሔም ሽሮና በርበሬ። ዘገዬ ተቀብሏቸዋል። ግሮቭፖርት ያለው መጋዘን ሥራ ያስገቡኝን ሴትዮ በምን አፌ እምቢ ልበል አላት። አንተ አመስግናቸው፣ እኔ አህያህ አይደለሁም አለችውና ሻንጣውን እየጎተተች ወጣች።

እትዬ ማሚቴ በራቸውን ሲከፍቱ ሻንጣውን እግራቸው ሥር ጣለችው። መንገደኛ ባዩ ቁጥር እንደ ጭነት መኪና አይቁጠሩት አለች። እሳቸውም የዋዛ አይደሉም። ውለታ ቢስ አሏት፣ አገሩን ሳታውቅ ማን እንዳስጠጋት አስታወሷት፣ የቸርቹን ሽማግሌዎች እጠራብሻለሁ አሉ። ካፈርኩ አይመልሰኝ፤ ቢፈልጉ ፓስተሩንም ይጥሩ አለቻቸው።

እዚህ ላይ የእትዬ ማሚቴ ድምፅ ወረደ፤ ቁጣቸው ግን አልወረደም።

“ሽሮ አቴንስም አይጠፋም። የጥገኝነት ጉዳዬ ስላላለቀ እኔ ከአሜሪካ ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም። ያቺን ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ በዓይኑ ያያት ዘመድ የለም። ሽሮው ሰበብ ነው። ከሳችም ወፈረችም አይተሽ እንድትነግሪኝ ነው።”

ማንያህልሻል አቴንስ ሳለች የሆነው ትዝ አላት። ለእሷም ያኔ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው፣ እናቷ የላኩላትን በርበሬ በረኛው ዘንድ ጥሎላት ሄዷል። ፎቅ ድረስ አልወጣም፤ ከተማውን ለማየት ቸኩሎ ነው አሉ። በረኛው እቃውን ሲሰጣት ደረጃውን ሮጣ ወርዳ መንገዱ ላይ አጥታዋለች። ያንን ሰው እስከ ዛሬ ትረግመዋለች።

“ሽሮውን አልወስድም” አለች። “አድራሻዋንና ከሥራ የምታርፍበትን ቀን ይንገሩኝ። ኮረብታውን አብራኝ ትወጣለች።”

እትዬ ማሚቴ አፈጠጡባት። ሐሙስ ከሰዓት ነው አሉና አድራሻውን በቃላቸው ነገሯት። ደህና ግቢ ግን አላሏትም፤ እሷም ደህና ይደሩ ሳትል ደረጃውን ወረደች።