ቅዳሴ እስኪወጣ የጠበቀው ዓሣ

ቱና መዋኘት ካቆመ ታፍኖ ይሞታል። ብዙው ዓሣ አንድ ቦታ ቆሞም ይተነፍሳል፤ ቱና ግን አፉን ከፍቶ ወደ ፊት ካልሄደ ውኃው በመተንፈሻ ስንጥቡ አያልፍም። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም ይሄዳል፣ ሲያርፍ እንኳ ይሄዳል። ይህን ከስልኬ ላይ ጮክ ብዬ ሳነብ እህቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቢላ ትስል ነበር።

«እንግዲያው የራያ ልጅ ነው በለኛ» አለች። «ቁጭ ካለ አለቀለት።»

ሳቅን። እኔ ግን ከልቤ አልነበረም፤ መሄድ የምትፈልገው እሷው ነበረችና።

እታለም ነው የምላት። ታላቄ ናት፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ከጦርነቱ በኋላ ያልሞከረችው የለም፤ ቆቦ ገበያ ቲማቲም ቸርችራለች፣ ጎብዬ ሻይ ቤት ተቀጥራለች፣ በሽንኩርት ሰሞን ማሳ ውላለች። አንዱም አልያዘላትም። ያን ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ አንድ ደላላ ዋጃ ላይ አገኛት። በአፋር በረሃ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ የሚሻገር ቡድን አለ አላት። በዚያ መንገድ የሄዱ የሰፈራችንን ልጆች አውቃለሁ። ፎቶ የሚልኩ አሉ። ስልካቸው ጠርቶ ጠርቶ የሚቆምም አሉ፤ እናቶቻቸው ግን አሁንም ይደውላሉ።

ለመንኳት፣ ተጣላኋት፣ ደግሞ ለመንኳት። በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማማን። ዓሣ ቤት እንከፍታለን። ሁዳዴን ከዘለቀ ትቀራለች፤ ካልዘለቀ ግን ሁለተኛ አልለምናትም።

ዓሣውን የሚያመጣልን የአክስታችን ልጅ ነበር፤ ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እሱ እንደሚለው ትልልቁ ቱና ለፋብሪካ ይሄዳል። እዚያ በእንፋሎት ይበስላል፣ አጥንቱ ይወጣል፣ ዘይት ይፈስበትና ሱቅ ውስጥ በምናየው ቆርቆሮ ይታሸጋል። ፋብሪካው የማይፈልገው ትንንሹ ደግሞ ጀልባው እንደተጠጋ እዚያው ባሕሩ ዳር ይቸበቸባል። የአክስታችን ልጅ ከዚህኛው ይገዛና በረዶ በሞላ ሳጥን ከወንበሩ ኋላ አድርጎ፣ ሚሌን አቋርጦ፣ በወልድያ በኩል ያደርስልናል። ጎረቤታችን ሽማግሌ፣ አባባ የምንላቸው ሙስሊም ነጋዴ፣ ለስላሳ ያቀዘቅዙበት የነበረውን ፍሪጅ ሰጡን። «ከእኔ ጋ ከሚዝግ እናንተ ጋ ይሥራ» አሉ። እኔ ደግሞ ግጥም እሞነጫጭራለሁና የቤቱን ሰሌዳ ጻፍኩ፦

ጨው ብቻ ነበረ ከባሕር የምናውቀው፣
ዛሬ ግን ዓሣው ነው ቆቦ የዘለቀው።

በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከእኛ በፊት የነበረ ነው። የሚበሉት መጡ፣ የማይበሉት ሰሌዳውን እያነበቡ አለፉ። ያላሰብነው ጣጣ የመጣው ከሥጋው ነው። ቱና ዕድሜ ልኩን ስለሚሮጥ ጡንቻው ደም ይፈልጋል፤ ገላው ከሚዋኝበት ውኃ ይሞቃል፤ ሥጋው እንደ በሬ ሥጋ ቀይ ነው። የሐይቅን ነጭ ዓሣ የለመደ ሰው ቀዩን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ ይላል።

«አንቺ፣ ይሄ ፍየል ነው! ጾሜን ልታስገድፊኝ ነው?»

«ፍየል ክንፍ አላት እንዴ?» ትላለች እታለም፤ ጭንቅላቱንና ጅራቱን በሰሃን ታመጣለች። ከዚያ ወዲህ አንድ የቱና ጭንቅላት ሁልጊዜ ከባንኮኒው ላይ ይቀመጥ ነበር፤ አፉ ተከፍቶ፣ ዓይኑ ወደ አስፓልቱ።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ነበር የገቡት። ቆቦ ቀኑን ሙሉ አንድ ሆና ጾመች። ክርስቲያኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ሲወጣ ይመጣል፤ ሙስሊሙ ለማፍጠሪያ በሰሃን እያስያዘ ይወስዳል። እታለም ከቀትር በኋላ ከፍሪጁ ታወጣለች፣ ዘጠኝ ሲቃረብ ዘይት ትጥዳለች። ቤቱ ሞላ። አንድ ማታ ጠረጴዛ እየጠረገች ስታንጎራጉር ሰማኋት። ስለ ደላላው ካነሳች ሰነባብታ ነበር። ቀረች ብዬ ነበር።

መጋቢት ሲጋመስ መብራት ጠፋ። ነገ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። ፍሪጁ ውስጥ የነበረው በረዶ አለቀና እታለም ያለውን ዓሣ በሙሉ በጠዋት አውጥታ አጠበችው። እኛ አገር ዓሣ እንዴት እንደሚታይ ሁሉም ያውቃል፤ ስንጥቡ ቀይ ነው ወይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫን ይመለሳል ወይ፣ ይሸታል ወይ። ሁሉንም አየች። ደህና ነበር። ሎሚና ጨው አሸችው፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍና ጥላ ስር አኖረችው።

የቆቦ መጋቢት ጥላው ራሱ ያቃጥላል።

«እታለም፣ አሁኑኑ እንጥበሰው» አልኳት።

«ምን ነካህ? አገር ምድሩ ጾሞ የዘይት ሽታ አፍንጫው ስር ልልቀቅበት? ይሄ ቅዳሴ ቆሟል፣ ያ ምራቁን እንኳ አልዋጠም። ነውር አታውቅም?»

እውነቷን ነበር። እኔም ነውር መሰለኝ። ዓሣው ቅዳሴ እስኪወጣ ጠበቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ሰው ጎርሶ ምላሱን አወጣ። «ኧረ እህት፣ ሚጥሚጣውን ደፋሽው እንዴ!»

«ጨውና ሎሚ ብቻ ነው።»

«ምላሴ ይዋሻል በይኛ!»

ሌሎቹ ሳቁበት። ሳቃቸው ሳያልቅ ፊቱ ቀላ፤ መጀመሪያ ጆሮው፣ ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ ደረቱ፣ ፀሐይ የበላው ሰው ይመስል። አጠገቡ ያለው ራሱን ያዘ። ሦስተኛው ወደ ጓሮ ሮጠ። እታለም ድስቱን አወረደች። ግን የአባባ ሰሃን ቀደም ብሎ ሄዷል፤ እሱን ማስመለስ ሳናስታውስ፣ እኛ ከእነዚህ ጋር ስንራወጥ መሽቶ የማፍጠሪያው አዛን ተባለ። በአጥሩ በኩል የሚስታቸውን ጩኸት ሰማን።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ስናደርሳቸው አባባ ደረታቸውን በመዳፋቸው ይዘው ነበር። «ያ ረቢ፣ ልቤ ልትወጣ ነው» ይላሉ። እታለም ከጎናቸው ሆና እግራቸውን ይዛለች።

ነርሷ ብዙ አልደነገጠችም። «ምን በላችሁ?» አለች፤ ቱና ስንላት «ከበረዶ መቼ ወጣ?» አለች። ጠዋት አልናት። እንክብልና መርፌ እየሰጠች በአጭሩ ነገረችን። የዚህ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ሲሞቅ ባክቴሪያ የሚለውጠው ነገር አለ። ከዚያ የሚፈጠረው ሂስታሚን ይባላል። አንዴ ከተፈጠረ ብትቀቅለው፣ ብትጠብሰው፣ መልሰህ ብታቀዘቅዘው አይጠፋም። አይሸትም፤ ምላስን ብቻ እንደ በርበሬ ይለበልባል። የሐይቁ ዓሣ እንዲህ አያደርግም።

«ስለዚህ ማሽተቴ...» አለች እታለም።

«ማሽተትሽ ለዚህኛው አይሠራም» አለቻት ነርሷ፤ በክፋት አልነበረም።

እስኪነጋ ሁሉም ዳኑ። ወሬው ግን አልዳነም። አንዱ መርዝ ነው አለ፣ ሌላው በሁዳዴ ዓሣ የበላ የእጁን አገኘ አለ፤ ጾመኛ ሙስሊም ሊገድሉ ነው ያለም ነበር። ይህን የሰሙት አባባ ሲነጋ ወንበራቸውን ይዘው መጡና በራችን ላይ ተቀመጡ። ያን ሁሉ ፀሐይ፣ ጾም አፋቸውን ሆነው፣ ከአስፓልቱ ማዶ የሚያልፈውን ሁሉ ይጠሩ ነበር።

«ና ወዲህ! እየኝ እስቲ፣ ሞቻለሁ?»

«አልሞቱም አባባ።»

«እንግዲያው ግባና ብላ!»

ሰዉ ይስቃል፣ እጃቸውን ይስማል፣ ያልፋል። ማታ ወንበራቸውን ሲያነሱ እታለምን «አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ» አሏት። እሷም አብሽር ይበሉ አለቻቸው። በማግስቱም መጥተው ተቀመጡ። ማንም አልገባም። መብራት መጣ፤ ማንም አልገባም። ባንኮኒው ላይ ያለውን ጭንቅላት እኔው ወስጄ ቀበርኩት። ሰሌዳውን ላወርድ ስል «ተወው፣ ለእንጨቱ ይፈለጋል» አለች። ልትሄድ መሆኗ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በቀጣዩ ቀን ስልኳ ላይ ደላላውን ስታናግር አገኘኋት። ቡድኑ ከፋሲካ በፊት ሊነሳ ነው፤ ሚሌ ላይ ይቀበላታል። ቃሌን አስታወስኩና አልለመንኳት።

የኢድ ማግስት ጠዋት የአክስታችን ልጅ ጡሩንባውን እየነፋ ደረሰ። የሆነውን አልሰማም፤ በረዶ የሞላ ሳጥን ይዟል። ማዳበሪያውን ቆቦ አራግፎ ባዶውን ወደ ወደብ ተመላሽ ነው፤ እታለም እስከ ሚሌ አድርሰኝ አለችው። እታለም ሳጥኑን ከፈተች። ዓሦቹ ሰማያዊ ጀርባቸውን አዙረው በረዶው ውስጥ ተደርድረዋል፣ ገና ከባሕር የወጡ ይመስላሉ። አንዱን አነሳች። እዚያው ቆረጠችው፣ ከሰል አያያዘች፣ ዘይት ጣደች።

«እታለም፣ ቅዳሴ እኮ አልወጣም» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ሰው ይሸተዋል።»

«ይሽተተው።»

ጾም ገድፋ አታውቅም። አንድ ጊዜ አማተበችና ጎረሰች። «ጥፋቱ የዓሣው ነው ወይስ የእኔ፣ ሳላውቅ አልሄድም» አለች። ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋችው። በላሁ። በርበሬ የለውም። ጣፋጭ ነበር፤ እንዲያ ያለ ዓሣ በልቼ አላውቅም።

የአክስታችን ልጅ መኪናውን አስነሳና ከመስኮቱ ጮኸ፦ «ፀሐይ ሳይበረታ እንውጣ እንጂ!» ትንሿ ሻንጣ በሩ አጠገብ ተዘጋጅታ ነበር፤ መቼ እንዳዘጋጀቻት አላየሁም። እታለም ግን አልተነሳችም። እየጠበቀች ነበር። እኔም ጠበቅኩ።

ያ ሕመም እስኪነጋ እንደሚለቅ አውቃለሁ። ግን አንድ ሌሊት ይበቃኝ ነበር፤ መኪናው ይሄዳል፣ ሚሌ ላይ የሚጠብቀው ይሄዳል። ነጠላዋ ከተንሸራተተበት አንገቷ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። ከጆሮዋ ስር ትንሽ ቀይ ነገር ፈለግኩ። እንዲቀላ፣ ራሷን እንድትይዝ፣ ባጃጅ ልጠራ እንድሮጥ ለመንኩ፤ እሷን አልለምንም ብዬ ነበር፣ ዓሣውን ለመንኩት።

አንገቷ እንደ ነበረ ነበር። ዘይቱን ከጣቶቿ ጠረገች፣ የእኔንም ፊት በዚያው ጨርቅ ጠረገችልኝና ሻንጣዋን አነሳች።