እጄን የዘረጋሁለት ምንሽር

ባለፈው ማክሰኞ እቴ የሻረግን ይዤ ወረታ መናኸሪያው ጀርባ ካለው የዕቃ መደብር ገባን። እቴ የሻረግ ታላቅ እህቴ ናት። ርብ ወንዝ ዳር መሬት አላት፤ ሩዙ ከተነሳ በኋላ ሽንኩርት ልትተክል የውሃ ፓምፕ ፈልጋለች። እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ስለ ፓምፕ የማውቀው ነገር ቢኖር ቀይ መሆኑን ብቻ ነው። ስለ ባጃጅ ከሆነ ጠይቁኝ። የደብረ ታቦሩን መገንጠያ እንደኔ የሚያጥፍ አለሁ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ።

እህቴ ጎንበስ ብላ አንዱን ፓምፕ አየችና "ይሄ ውሃ ስንት ሜትር ይገፋል?" አለችው ባለሱቁን።

ባለሱቁ ወደኔ ዞረ። "ወንድሜ፣ መሬትህ ከወንዙ ምን ያህል ይርቃል?"

በእግዜር! ጠያቂዋ እሷ፣ የሚጠየቀው እኔ። አናቴ ድረስ ጋለኝ። የተናደድኩት ግን በሱ ብቻ አልነበረም። ይሄን ነገር ከዚህ በፊት አይቸዋለሁ፤ ያኔ አፌን ዘግቼ፣ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነው ያየሁት።

አስራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ መናኸሪያ የምውልበት፣ የአይሱዙ ረዳት የነበርኩበት ጊዜ ነው። የእቴ የሻረግ ባል በወባ ሞተ። አርባው እንደወጣ የባሏ ወንድሞች መጡና ጠመንጃውን ከግድግዳ ላይ አወረዱት። "ጠመንጃ በሴት ቤት ምን ይሠራል? ሊጥ ሊጠብቅ ነው?" ብለው ሄዱ። ወሬው አገር አዳረሰ፤ ያ ቤት ጠመንጃ የለውም ተባለ። ወር ሳይሞላ ሌቦች አንዱን በሬዋን ከበረት ፈትተው ወሰዱባት። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ሩዙም ታጭዶ ሜዳ ላይ ተከምሯል፤ እሱንስ ማን ይጠብቀው?

ቀዩዋን የፎገራ ላሟን ሸጠችና እኔጋ መጣች።

"ይፋግ አጠገብ ምንሽር የሚሸጡ ሽማግሌ አሉ አሉኝ" አለች። "ብቻዬን ብሄድ አያናግሩኝም። ከጎኔ ትቆማለህ፤ የምመርጠው እኔ ነኝ።"

"ጠመንጃ ለኔ ተይው።"

"ተኩሰህ ታውቃለህ?"

"ፊልም አላይም እንዴ?"

እሷ ግን በደንብ ታውቃለች። አባታችን ዓይኑ ሲደክም ጠመንጃውን የምትፈታው፣ የምትወለውለው፣ መልሳ የምትገጥመው እሷ ነበረች። ጥምቀት ላይ ሰዉ ሁሉ የአባቴን ጠመንጃ "ወይ መስታወት!" ይል ነበር። መስታወት ያደረገችው ልጅ ግን ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ነበረች። እኔ ያንን ጠመንጃ አንድ ቀን በጨርቅ አልነካሁትም፤ ኳስ ሜዳ ነበርኩ።

የሄድነው ኅዳር መጨረሻ ነው። የፎገራን ሜዳ በኅዳር ያላየ ምኑን አየ! ሩዙ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል፣ ዋልካው መሰንጠቅ ጀምሯል፣ ክምሩ እዚህም እዚያም እንደ ጎጆ ቆሟል። አስፋልቱ ዳር እሸት ሽምብራ እየፈለፈልን መኪና ጠበቅን። እህቴ ገንዘቡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሆዷ ላይ ታጥቃለች። እኔ ፀጉሬን ቀብቻለሁ።

ሽማግሌው አያ ተገኘ ይባላሉ። ደብረ ታቦር ልጃቸው ጋ ሊገቡ ስለሆነ ሁለት ምንሽራቸውን እየሸጡ ነው። ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ለምስክር አስቀምጠው ጠበቁን። ገና ስንገባ እሷን "ግቢ እናትየዋ፣ ከሴቶቹ ጋር ተጫወቺ" አሏት። እኔን "ና ጎበዜ፣ አጠገቤ" አሉኝ።

"አያ፣ ገዢዋ እኔ ነኝ" አለች።

"ይሁን እንጂ! ገንዘቡ ያንቺ ይሁን፤ ጠመንጃው የወንድ ነው።"

አንደኛው ጎረቤት "ሙቀጫ መስሏት ይሆናል" አለ። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አልሳቅሁም ብዬ መዋሸት እችል ነበር፣ ግን ሳቅሁ።

የሩዝ ጠላ መጣ። ማን ይቅዳ? እህቴ። ላሟን ሸጣ የመጣችው ሰው ማንቆርቆሪያ ይዛ ዞረች። እኔ አንዱን ምንሽር ጉልበቴ ላይ አጋድሜዋለሁ። ሰደፉ በናስ ምስማር ተለብጧል፣ ማንገቻው ቀይ ቆዳ ነው፤ ሙሽራ በሉት። ሌላው ግድግዳ ተደግፏል። ሰደፉ የተፋፋቀ፣ ማንገቻው ገመድ።

"ስንት ክንድ ላይ ትመታለህ?" አሉኝ አያ ተገኘ።

"ዓይኔ እስካየ" አልኩ። ደግሞ ቀዱልኝ። ማለቴ ቀዳችልኝ።

በዚህ መሀል እህቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ግድግዳ የተደገፈውን አነሳችና ማቀባበያውን ስባ አወጣችው፤ የአውራ ጣቷን ጥፍር ከኋላ ደቅና በአፈሙዙ በኩል አየች። ጥፍር ብርሃኑን ይመልሳል፤ በርሜሉ ጤነኛ ከሆነ ውስጡ ያበራል። ከዚያ መጣችና የኔንም ከጉልበቴ ላይ ወስዳ እንደዚያው አየችው።

"ያ ባለ ገመዱ ይሻላል" አለች። "የዚህ በርሜል ሆዱ ተበልቷል። አንዴ ተኩሰን እንሞክረው።"

አያ ተገኘ ፊታቸው ጠቆረ። "ወንድምሽ ሳይጠይቀኝ?" አሉና ወደኔ ዞሩ። "አንተ ምን ትላለህ፣ ጎበዝ?"

ሦስት ወንዶች ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። በሕይወቴ ማንም ሽማግሌ እንዲያ ጠይቆኝ አያውቅም። የናስ ምስማሩን አየሁ።

"መሞከር አያስፈልግም። ይሄን ነው የምወስደው" አልኩ።

እቴ የሻረግ እግሬን ረገጠችኝ። እንዳልገባኝ ሆንኩ። ምን ታድርግ? ሦስት ሽማግሌ ፊት ወንድሟን ብትሰድብ ነውሩ የሷ ነው የሚባለው። ቋጠሮዋን ፈታች፣ ገንዘቡ ተሰጠ።

በኛ አገር ጠመንጃ ሲሸጥ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚያልፈው፤ ውሉ የሚፀናው ያኔ ነው። አያ ተገኘ ምንሽሩን በሁለት እጃቸው አነሱ። እህቴ ፊታቸው ቆማለች፣ እጇን ዘርግታለች። በእጇ ላይ አሳልፈው ወደኔ ዘረጉት። እኔም ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። "ይባርክልህ!" አሉኝ ሦስቱም።

ስንመለስ ርብ ድልድይ አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ማቀባበያውን አወጣች፣ ጥፍሯን ደቀነች፣ "እይ" አለችኝ።

አየሁ።

"ምን ይታይሃል?"

"ምንም። ጨለማ ነው።"

"እኔም ያየሁት እሱን ነው" አለች። ማቀባበያውን መልሳ ገጠመችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ምንሽሩን በነጠላ ጠቅልላ ብቻዋን ይፋግ ሄደች። አያ ተገኘ በር ላይ ቆመው "የተዋዋልኩት ከወንድምሽ ጋር ነው። እሱ ይምጣ" ብለው መለሷት። ገንዘቧን ሲቆጥሩ ወንድሟን አልጠሩም ነበር! ከዚያ በቀጥታ መናኸሪያ መጣች። "ና፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ" አለችኝ።

እኔ ደግሞ ለመናኸሪያው ልጆች ሁሉ ምንሽሩን እንዴት አንጥሬ እንደመረጥኩ አውርቻለሁ። "ነገ" አልኳት። ነገ ሲመጣ "ከነገ ወዲያ" አልኩ። በአምስተኛው ቀን ስንሄድ ቤቱ ተቆልፏል። አያ ተገኘ ደብረ ታቦር ገብተዋል። ገመድ ማንገቻ ያለውን ሌላ ሰው ወስዶታል፤ ወንድ መሆኑን መጠየቅም አላስፈለገኝም።

ሩዙ ተወቅቶ እስኪያልቅ እህቴ ያንን ምንሽር አንግታ ክምሩ ሥር ተቀመጠች። አንድ ቀን ኩይሳ ላይ ቅል አስቀምጣ ከሃያ እርምጃ ሞከረችው። ቅሉ አልተነካም፤ ጥይቱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያንን እያወቀች ነው የተቀመጠችው። እኔም በሀፍረት አጠገቧ ዋልኩ።

"ሌባ ቢመጣስ?" አልኳት።

"ሌባ በርሜል ውስጥ አያይም" አለች። ቆይታ ደግሞ "አትፍራ፤ ቢያንስ ያምራል" አለችኝ።

ያች "ያምራል" እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ሩዙ ተረፈ፤ በሷ ድፍረት እንጂ በኔ ምርጫ አይደለም። ላሟ ግን ላትመለስ ሄደች።

እና ባለፈው ማክሰኞ ባለሱቁ መሬቴን ሲጠይቀኝ "እኔ መሬት የለኝም፤ እሷን ጠይቅ" አልኩት። ጠየቃት፣ እሺ። እሷ ግን አንድ በመለሰች ቁጥር የኔን ፊት ያያል፣ ልክ ናት ወይ እንደማለት። እሷ ሞተሩን ዞራ አየች፣ ዘይቱን በጣቷ ነክታ አሸተተች፣ ከሦስቱ ፓምፖች መሀል ቀለሙ የለቀቀውን መረጠች። "ተነስቶ ልስማው" አለች።

ባለሱቁ የማስነሻውን ገመድ እጀታ ያዘ። በእህቴ ፊት አሳልፎ ወደኔ ዘረጋው።

ሁለቱንም እጄን ኪሴ ከተትኩ።

እሱ እንደዘረጋ ቀረ። እኔም እንደቆምኩ። "ያዘው እንጂ! እጅህን ታመሃል እንዴ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት። "ምንሽር ስገዛ ነው የታመምኩት።"

ምንም አልገባውም። እቴ የሻረግ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። በዚያ ነገር ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ አልሳቅሁም፤ ገመዱ እሷ እጅ እስኪገባ ድረስ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።