ዋኖስ፣ ድመትና ያልተጠረገ ግቢ

ወልቂጤ ውስጥ ስንት ድመት እንዳለ የሚታወቀው ከመስቀል በኋላ ነው። በበዓሉ ሰሞን የሚያያቸው የለም፤ የሰው ሁሉ ዓይን በሬው ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ በየግቢው ተሰብስቦ ክትፎውን ሲበላ፣ እነሱም ከየቦዩና ተጀምሮ ከቀረው ሕንፃ ሁሉ ወጥተው በየአጥሩ ሥር ድርሻቸውን ይበላሉ። ከዚያ እንግዳው መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። ሥጋው ያልቃል። ድመቶቹ ግን የሚመለሱበት አዲስ አበባ የላቸውም።

እኔ ከቡታጅራ መጥቼ በተከራየሁበት ግቢ አንዲት ግራጫ ድመት ቀረች። የማንም አልነበረችም። የቤት ድመት ሰው ስታይ ጅራቷን ታቆማለች፤ ይህቺ ሰው ስታይ ታንሳለች፣ ከመሬቱ ጋር ትመሳሰላለች፣ ከዚያም የለችም። ቀን ፎቶኮፒ ቤት እሠራለሁ። ጠዋት ከሥራ በፊት ግጥም ልጽፍ መስኮቴ ሥር እቀመጣለሁ፤ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ ግን አንድ ስንኝ ጽፌ ሁለቴ እነሣለሁ። ድመቷን ያወቅኋት እንዲሁ ስነሣና ስቀመጥ ነው። በእንሰቱ መሃል ስታልፍ አንዱ ጥላ ከቦታው ለቆ የሚሄድ ይመስል ነበር። አራት እግር ይዛ አንዱንም የማታሰማ ፍጡር አይቼ ቀናሁባት።

ግቢው የአከራያችን ነው። ከጉንችሬ በኩል የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ የሚነግዱ ሴት ናቸው። እኔም፣ ከጎኔ የተከራየው መምህርም «እትዬ» እንላቸዋለን። ጎህ ሲቀድ ጎንበስ ብለው ከበሩ እስከ እንሰቱ ሥር ይጠርጋሉ። ሲጨርሱ አፈሩ ላይ የመጥረጊያው መስመር ማበጠሪያ እንዳለፈበት ጸጉር ተኝቶ ይታያል። በዚያ ላይ የመጀመሪያውን እግር ማሳረፍ ያሳፍር ነበር። ብዙ ጊዜ ዳር ዳሩን ይዤ ነው የምወጣው። እንሰቱ አንድ ደረቅ ቅጠል ከጣለ መሬት ሳይነካ የሚቀልቡት ይመስለኛል። እሳቸው ባደጉበት አገር የሴት ስሟ ከደጇ ይጀምራል።

ከእንሰቱ ጎን አንድ የቡና ዛፍ አለ። እዚያ ላይ፣ በሰው ትከሻ ከፍታ፣ ሁለት ዋኖሶች ጎጆ ሠሩ። ሠሩ ከተባለ ነው። የዋኖስ ጎጆ ጥቂት ጭራሮ ነው፤ ከሥሩ ሆነው ሲያዩት ሰማዩ በመሃሉ ይታያል። እንቁላሎቹ እንዴት እንዳልሾለኩ አሁንም አልገባኝም። እትዬ ጎጆውን ያዩ ዕለት ድምፃቸውን ቀነሱ። ስልክ ሲያነጋግሩ እንኳ ወደ በሩ ራቅ ይላሉ።

«ሌላ ግቢ ጠፍቶ ነው?» አሉኝ አንድ ጠዋት፤ ደስ ብሏቸዋል። «አምናኝ መጥታ!»

ድመቷም ጎጆውን አየች። እትዬ ግን ቀደሟት፤ የቀጋ እሾህ አስቆርጠው የቡናውን ግንድ ዙሪያውን አጠሩት። ድመቷ መጥታ አንድ ጊዜ ዞረችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ተቀምጣ እግሯን ትልስ ጀመር፤ ከመጀመሪያውም ቡና ዛፍ ላይ ጉዳይ ያልነበራት መሰለች። እኔና መምህሩ ሳቅን። ስንስቅ ግን ቸኩለን ነበር።

ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ሁለቱ ዋኖሶች እየተፈራረቁ መሬት ይወርዱ ነበር። እትዬ ስንዴ የሚያበጥሩት እዚያው እንሰቱ ፊት ስለሆነ የረገፈ ፍሬ አይጠፋም። አንድ ጠዋት አንዱ ዋኖስ ወርዶ እየለቀመ ሳለ ግራጫዋን በእንሰቱ ሥር አየኋት። በመስኮቱ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ አልደረስኩም። በዚያ በተጠረገ፣ ቅጠል እንኳ በሌለው አፈር ላይ ውኃ እንደሚፈስ መጣች። ዋኖሱ ቀና ያለው ከተያዘ በኋላ ነው።

ያ ዝላይ ያማረ ነበር። እንዲህ ማለት ደስ አይልም፤ ግን ነበር።

እትዬ ከቤት ወጥተው ላባውን አዩት። ጠረጉት። ግቢው ወዲያው ምንም እንዳልሆነ ሆነ። የሞተው አባትየው ነው አሉ በኋላ። በምን እንደለዩት አላውቅም፤ የቀረችው እናት እንድትሆን ስለፈለጉ ይመስለኛል።

ማታ መምህሩ ወደ እትዬ በረንዳ መጣ። የሰሜን ሰው ነው፤ ለሁሉም ነገር አጭር መልስ አለው።

«እትዬ፣ አንድ ቁራጭ ሥጋና ትንሽ የአይጥ መርዝ። በቃ።»

«በመስቀል ባበላኋት እጄ በጥቅምት መርዝ ላቅምሳት?»

«እሷ መች አመሰገነችዎት?»

«አንተስ መች አመሰገንክ? ክትፎውን በልተህ የሄድክ ጊዜ በሩን እንኳ አልዘጋህም።» ሳቁ። «ደግሞስ የቆጮ ጉድጓዴን ከአይጥ ማን ይጠብቅልኛል? አንተ ትይዛለህ?»

«ከፈተና እርማት ሳይሻል አይቀርም።»

«እንግዲያው ስንዴውን ሌላ ቦታ ያበጥሩት» አልኩ እኔ። «ዋኖሷ እዚህ ባትወርድስ?»

እትዬ ወደ አጥሩ አገጫቸውን አነሡ። «እዚህ ካጣች ከዚያ ወዲያ ነው የምትወርደው፤ እዚያ ደግሞ ስንት ድመት አለ! እዚህ ብትሞት እንኳ እናያታለን።»

ነገሩ ይህ ነበር። አንዲት ዋኖስ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ልታሳድግ ነው፤ ለመብላት መሬት መውረድ አለባት፤ መሬቱ ደግሞ የድመቷ ነው። እሷም ከሞተች ጫጩቶቹ እሾሁ መሃል ተጠብቀው በረሃብ ያልቃሉ። እትዬ ሥራቸውን ትተው ስንዴው አጠገብ በርጩማ ላይ መዋል ጀመሩ። ገበያ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ግን አይቀርም።

አንድ እሑድ ማለዳ የዘወትር ጥረጋቸውን ትተው ወደ ቅዳሴ ሄዱ። ሌሊቱን ነፋስ ነበር፤ እንሰቶቹ ያረጁ ቅጠሎቻቸውን ጥለዋል። መምህሩና እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጠን እንጠብቅ ነበር፤ ማለትም እሱ ስልኩን ያይ ነበር፣ እኔ እነሣና እቀመጥ ነበር። ዋኖሷ ወረደች። ወዲያው ከእንሰቱ ሥር «ቀሽ» የሚል ድምፅ መጣ። ዋኖሷ በዚያው ቅጽበት ክንፏን አማትታ ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ነበረች። ድመቷ አንድ እግሯን አንሥታ ደረቅ ቅጠል ላይ ቆማለች፤ የምታሳርፍበት አጣች።

መምህሩ ስልኩን አስቀመጠ። «አየህ?»

«ሰማሁ» አልኩት።

ሁለታችንም ወደ ተጠረገው ቦታ አላየንም፤ የተጠረገ ቦታ አልነበረማ። ግን ተግባባን። ችግሩ ለእትዬ ማን ይንገራቸው የሚለው ነበር።

«አንተ ንገራቸው፤ ገጣሚ ነህ፣ አለስልሰህ መናገር ታውቃለህ።»

«አንተ ንገራቸው፤ ሰው ማረም ሥራህ ነው።»

በመጨረሻ እኔ ነገርኳቸው፤ ማለስለስ ግን አልቻልኩም። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ቆመው ሰሙኝ። «መጥረጌ ነው የገደለው ትለኛለህ?» አሉ። አላልኩም አልኩ። ብያለሁ ግን። ገብተው በሩን ዘጉ፤ ያን ቀን እኔም መምህሩም ከክፍላችን ብዙ አልወጣንም።

በማግስቱ ጠዋት በመጥረጊያ ድምፅ አልነቃንም። ብቅ ስል እትዬ ከማድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ለማቀጣጠያና ለመጠቅለያ ያኖሩትን ደረቅ የእንሰት ቅጠል ታቅፈው እያወጡ በእንሰቱ ፊት ያነጥፋሉ። ያለ ሥርዓት መበተን አልቻሉበትም። ጫፉን ከጫፍ እየደረቡ እንደ ሰሌን ዘረጉት፤ ስንዴው የሚረግፍበትን ቦታ ብቻ መሃል ላይ ክብ አድርገው ተዉት። ከዚያ በባዶ እግራቸው ረገጡት። አዳመጡ። አንዱን አንሥተው በሌላ ተኩ።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ጤዛ የመታው ቅጠል ድምፁን ያጣል፤ ስለዚህ ጠዋት እርጥቡን አንሥተው ቆርቆሮው ላይ ያሰጡታል፣ ደረቁን ያነጥፋሉ። አንድ ከሰዓት ካፊያ ሲጥል ከጎረቤት ቤት ሮጠው ሲመጡ አየኋቸው፤ ከደጅ የተሰጣ ልብስ ነበራቸው፣ አልነኩትም፤ ቅጠሉን ሰበሰቡ። እኔ በቃል ስለምለፋ፣ የአንድ ነገር ድምፅ እስኪስተካከል የሚለፋ ሰው ሳይ አውቀዋለሁ። ልረዳቸው ስል ግን «ተው፣ ትረግጥብኛለህ» ይሉኛል።

ያስቸገረው የእትዬ የጽዋ ማኅበር ነበር። ተራው የእሳቸው ደረሰ፤ የሰፈሩ ሴቶች ሊመጡ ነው። በዋዜማው ቤቱን አጠቡ፣ ጠላውን አጠለሉ፣ ዳቦውን ጋገሩ። ከዚያ በሩ ላይ ቆመው ግቢውን ለረጅም ጊዜ አዩት። መጥረጊያውን አነሡ፤ ከበሩ እስከ በረንዳው ጠረጉ። እንሰቱ ፊት ያለውን አልነኩትም።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲገቡ ዓይናቸው ቅጠሉ ላይ ያርፍና ወደ እትዬ ይዞራል። ሁሉም ጨዋ ናቸው። አንዲት ምላሳቸው የሚፈራ አሮጊት ግን በረንዳው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ጀመሩ።

«ምነው እቴ፣ መጥረጊያ ከገበያ ጠፋ?»

«አለ» አሉ እትዬ፣ ጠላ እየቀዱ።

«ወገብሽን ነው?»

«ወገቤ ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እኔ ያንቺን ደጅ ለምራቶቼ ምሳሌ አድርጌ ስናገር! አሁን ምን ብዬ ልግባ?»

አንድ ሁለቱ ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ ሳቃቸውን ሸፈኑ። ያን ቀን ፎቶኮፒ ቤቱ ዝግ ስለነበር ዳቦ እያደልኩ ነበር፤ የእትዬ አንገት ሲቀላ አየሁ። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልጋቸው፤ ዋኖሷን ማሳየት። አላሳዩም። በኋላ ስጠይቃቸው «ያ ሁሉ ሴት ተነሥቶ ጎጆው ሥር ሊቆም ነዋ» አሉኝ። ስማቸው እንደዚያ ይጎዳ ብለው ተቀምጠው ጠላ ቀዱ።

ዳቦው ለሁሉም ከመዳረሱ በፊት «ቀሽ» አለ።

«ጉልበቴ መሰለኝ» አሉ አሮጊቷ፣ እግራቸውን እየያዙ።

ዋኖሷ በፊታችን ተነሥታ ቡናው ላይ ዐረፈች፤ ጫጩቶቹ ድምፅ አሰሙ። ግራጫዋ ቅጠሉ መሃል ቆማለች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ ያን ሁሉ ሴት እያየች። ማንም «ሂጂ» አላላትም። ራሷ ዞረች። ለመውጣትም ቅጠሉን መርገጥ ነበረባት፤ ቀሽ፣ ቀሽ፣ ቀሽ እያለች ከሰው ፊት ሄደች። እርምጃዋን አንድ በአንድ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቢሆንም አልሮጠችም፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር የወጣችው።

አሮጊቷ ቡናውን፣ እሾሁን፣ ቅጠሉን በተራ አዩ። ዳቦአቸውን አኘኩ።

«ያኛው ጥግ ሳስቷል» አሉ በመጨረሻ። «ከእኔ ቤት ደረቅ ቅጠል አለ፤ ሰው ላኪ።»

እትዬ ጣሳውን ሞልተው ሰጧቸው።

ትልቁ ጫጩት የበረረው በዚያው ሳምንት ነው፤ በረረ ከተባለ። ከጎጆው ወጥቶ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ተንገዳገደ፣ ከዚያ መሬት ላይ፣ ከቅጠሉ ውጪ በተጠረገው በኩል ወደቀ። እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ግራጫዋ ደግሞ ከአጥሩ ሥር። እትዬ የሚያጥቡትን ዕቃ ጥለው መሃላቸው ገቡ። ድመቷን አላባረሯትም፤ ጫጩቱንም አልያዙትም። ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ጀርባቸውን ለጫጩቱ፣ ፊታቸውን ለድመቷ ሰጥተው ቆሙ። እሷ ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ፤ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ።

«በረረ?» ይሉኛል ዞር ሳይሉ።

«ገና ነው።»

«በረረ?»

ጫጩቱ ክንፉን ሞከረ፤ ወደቀ፤ እንደገና ሞከረ። እናቱ አጥሩ ላይ ትጣራለች። በሦስተኛው ከመሬት ለቀቀ፣ ቆርቆሮውን በደረቱ ሊመታ ለጥቂት፣ ከዚያ ባሻገር የጎረቤት አቮካዶ ውስጥ ገባ።

«በረረ፣ እትዬ።»

ቀሚሳቸውን ለቀቁ። ድመቷም ተቀመጠች። ሁለቱ ትንሽ ተያዩ፤ አንዳቸውም የተቀየሙ አይመስሉም።

«ከዚህ ወዲያ የጎረቤቶቹ ተራ ነው» አሉ እትዬ፣ ወደ አቮካዶው እያዩ። «አንዱ ግን ቀርቶናል። ና፣ ያቺን በርጩማ አምጣልኝ።»