ሐዋሳን ለማስቀረት ላፍቶ ደርሰን መጣን

ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ከልጄ ከምህረት ጋር ከጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወርደን ታክሲ ስንሰለፍ እሷ ኮሌጅ ልታይ፣ እኔ ደግሞ እሷን ላስቀር ነበር። ምህረት ታሪክና ሥነ ጽሑፍ አንድ ላይ መማር ትፈልጋለች። ሐዋሳ ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ መልሷን የሚጠብቁት እስከ ሰኞ ነው። እናቷ ከሞተች ሰባት ዓመት ሆኗል፣ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ስለዚህ ሩቁን ከመምረጧ በፊት እዚሁ ክፍለ ከተማችን ያሉትን እንድናይ ለመንኳት፤ እሺ አለች። ገና ሳትሄድ እንደናፈቀችኝ ግን አልነገርኳትም።

እኔ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ከላፍቶ እስከ ብስራተ ገብርኤል ያልረገጥኩት ግቢ ጥቂት ነው፤ ውሻውንም ዘበኛውንም አውቃለሁ። ኮሌጅ መምረጥ ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም።

ብስራተ ገብርኤል፣ አራት ሰዓት

ሰልፉ ብቻ አርባ ደቂቃ ፈጀ። የመጀመሪያው ኮሌጅ አሮጌ ቪላ ውስጥ ነው፤ ግቢው የተጠረገ፣ ጽጌረዳው የተከረከመ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ቧንቧውን ከፍቼ አየሁ፤ ውሃው ይወርዳል። ምህረት አፍራ ፊቷን አዞረች።

መዝጋቢዋ ምን መማር እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። እኛ አገር ልጅ ተጠይቆ ወላጅ ይመልሳልና እኔ መለስኩ። የታሪክ ክፍሉ ተማሪ ጠፍቶ እንደተዘጋ፣ አካውንቲንግ ግን ቦታ እንዳለ ነገረችን። «ሂሳብም ጎበዝ ናት» አልኩ። ፎርሙን መሙላት ጀምሬ ቀና ስል ምህረት መሬት መሬት ታያለች። ብዕሩን መለስኩ።

ላፍቶ፣ ስምንት ሰዓት

አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ተጋቢኖ በልተን፣ ከሱቆቹ ጀርባ ፎቅ ላይ ወዳለው ሁለተኛው ኮሌጅ ወጣን። እዚህ ልቤ ዘለለ። ቅዳሜ ሆኖ እንኳ ዘጠኝ ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ከመምህራቸው ጋር ይከራከራሉ። የሚማሩት ታሪክ ነው። ከቤታችን ቢርቅ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እግዜር ሰማኝ አልኩ።

መምህሩ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ምህረትን ለምን ታሪክ እንደመረጠች ሲጠይቃት እኔ አፌን ከፈትኩ። በትሕትና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አባት፣ ይቅርታ፣ እሷ ትንገረኝ» አለ።

ነገረችው። ልጅ ሳለች ቆጣሪ ሳነብ አስከትያት ስዞር፣ ሽማግሌዎች ይሄ ሁሉ ቤት እርሻ እንደነበር ሲያወሩ ትሰማ ነበር። የእነዚያን ሰዎች ታሪክ መጻፍ ነው የምትፈልገው። አብሬያት እየኖርኩ ይህን ሰምቼ አላውቅም።

ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍቱን ለማየት ጠየቀች። አንድ መደርደሪያ ነው፤ ግማሹ የአካውንቲንግ መጽሐፍ ነው። መምህሩ ራሱ እየተሳቀቀ፣ ቀስ በቀስ እናሟላለን አለ። ምህረት ጣቷን ከዳር እስከ ዳር በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ አሳለፈች፤ ወዲያው አለቀ። ዞር ብላ ፈገግ አለችልኝ።

«አባዬ፣ ይሄ ይበቃኛል።»

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። እናቷ በሞተች ክረምት፣ እጄ ባጠረ ጊዜ፣ ሁለት ጉርሻ በልታ «ጠግቤያለሁ» ትለኝ ነበር። እኔ ሞኙ አምኜ የቀረውን እጨርሳለሁ። አንድ ቀን ማድ ቤት ድስት በጣቷ ስትጠርግ አገኘኋት። የዛሬው «ይበቃኛል» ያው ነው። ለመምህሩ እናስብበት ብዬ ይዣት ወጣሁ።

ላፍቶ፣ አሥር ሰዓት

ወደ ታክሲው ስንወርድ አዴ ጫልቱ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰፈሩ ከመሠራቱ በፊት ገበሬ የነበሩ፣ ዛሬም ከቤታቸው ጀርባ በቀረችው መሬት ገብስ ዘርተው የሚሸጡ እናት ናቸው። ስንት ዘመን ቆጣሪያቸውን አንብቤያለሁ። ቆምኩ።

«አዴ፣ ገብስ አለ? ለበሶ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ማታ ማታ ቤቱ ለሚገባ ተማሪ በሶ እንደማይዘጋጅለት እሳቸውም ያውቃሉ። በሶ የሚቋጠረው ርቆ ለሚሄድ ነው።

«ማን ሊሄድ ነው?»

«ምህረት ናት። ሐዋሳ።»

ከኋላዬ የምህረት እርምጃ ቆመ። ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። አዴ ሰፍረው ከጨረሱ በኋላ ሁለት እፍኝ ጨመሩላትና በሰላም ግቢ ብለው መረቋት። ዋጋ አልተከራከርኩም፤ ይህ እንኳ የእኔ አመል አይደለም።

ምህረት እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ «አንተስ?» አለችኝ።

«እኔ የት እሄዳለሁ? ስትመጪ እዚሁ ታገኚኛለሽ።»

ጀሞ፣ ማምሻውን

ከረጢቱን ተሸክሜ አራት ፎቅ ወጣሁ፤ ላግዝህ ስትል እምቢ አልኩ። ጠዋት ስወጣ ለልጄ የሚስማማ ኮሌጅ የምፈልግ መስሎኝ ነበር፤ የፈለግሁት ግን ለእኔ የሚስማማውን ነበር። ከጉዞው የተማርኩት ይሄንን ነው፤ መማሬ ናፍቆቱን አላቀለለልኝም።

ከእራት በፊት ሰፌድ ይዘን ገብሱን ለመልቀም ተቀመጥን። ምህረት ስለ ሐዋሳ ታወራለች፣ ፊቷ በርቷል። ገብሱ ንጹሕ ነበር፤ ጠጠር እንኳ አልነበረውም። እኔ ግን የተለቀመውን ወደ ሰፌዱ እየመለስኩ እንደገና ለቀምኩት።