ከክዳኑ በታች ያለው ስም

ወንድሜ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። "ነበር" ማለትን ገና አልለመድኩም። ጎንደር ውስጥ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚያገኘው እሱና ጓደኞቹ ቆፍረው በቀበሩት ቧንቧ ነው። ይህን ስጽፍ እየኮራሁ ነው፤ ሌላ እንዴት እንደምጀምር አላውቅም።

ባለፈው ዓመት የውሃው ሥራ ወደ አገር አቀፍ ድርጅት እንደሚዛወር ተነገረ። ቋሚ ሠራተኞች ደረጃቸውንና የአገልግሎት ዘመናቸውን ይዘው ያልፋሉ። ወንድሜ ቋሚ ስለሆነ አይነካውም። ከእሱ ጋር የሚሠሩ አራት ሰዎች ግን የተቀጠሩት በቃል ነው፤ የቅጥር ደብዳቤ የላቸውም። ስለዚህ እንደ አዲስ ቅጥር ከዜሮ ይጀምራሉ ተባለ። ከአራቱ አንዷ ሲሚንቶ የምታቦካ ሴት ናት። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት ነው የቀራት። ከዜሮ ከተባለ ጡረታዋ ቀረ ማለት ነው።

ወንድሜ ያን ጊዜ ታሞ ነበር። ጉበቱ ነው ብለውታል።

"አያ፣ አንተን አይነካህም። ምነው ብታርፍ?" አልኩት።

"የእነሱ ደብዳቤ መንገድ ዳር አለ" አለኝ። ትኩሳቱ የሚያናግረው መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቫልቭ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። የጉድጓዱን ክዳን ሠራተኞቹ ራሳቸው መሬት ላይ ከኮንክሪት ያፈሱታል። ሳይደርቅ የሠሩት ሰዎች ስም፣ ወሩና ዓመቱ በምስማር ይጻፍበታል። ፎርማኑ "ሥራ አበላሻችሁ" ብሎ እንዳይቆጣ ሲደርቅ ይገለብጡታል። ለስላሳው ፊት ወደ ላይ፣ ጽሑፉ ወደ ታች ይሆናል። ይህን ከእነሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ወንድሜ ከድርጅቱ የመጣውን የሰው ኃይል ኃላፊ ክዳኖቹ ወዳሉበት ወደ ቀሐ ሰፈር ይዞት ሄደ። አራቱም ነበሩ። እኔም ተከተልኩ፤ የሐኪም ቀጠሮ ስለነበረው ቶሎ ልወስደው ነበር ሐሳቤ። የመጀመሪያውን ክዳን በዲጂኖ ገለበጥነው። ወንድሜ አፈሩን በእጁ ጠረገው። የአራቱም ስም ከነአባታቸው አለ።

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አየ። "ትናንት ጽፋችሁት ቢሆንስ?" አለ።

"እንኩ ምስማር፣ ጌታዬ" አለች ሴትዮዋ። "የደረቀ ኮንክሪት ላይ ስምዎን ከጻፉልኝ እኔ ዛሬውኑ አዲስ ቅጥር ልሁን።"

ሰውዬው ሳቀ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። "ሌላስ አለ?"

"ክዳኑማ ሞልቷል። ወገብዎ ይቻለው እንጂ።"

ቀጠሮው አለፈ። ክዳን ስንገለብጥ ዋልን። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ሦስተኛው ላይ ይሁን አራተኛው ላይ ግን የእጅ ጽሑፉን አወቅሁት። ፊደል ያስቆጠረኝ ወንድሜ ነው። "መ"ን ሲጽፍ ሁለተኛዋን ክብ ሁልጊዜ ያሳንሳታል። በሁሉም ክዳን ላይ የጻፈው እሱ ነው። የራሱ ስም ግን የትም የለም።

"ያንተስ?" አልኩት።

"እኔ ደብዳቤ ነበረኝ። እነሱ መጻፍ ስለማይችሉ ምስማሩን ለእኔ ይሰጡኝ ነበር" አለ። ከዚያ ቁጭ አለ፤ ደክሞት ነበር።

ውሳኔው ሲመጣ እሱ አልነበረም። በአርባው ዕለት አራቱም ቤታችን መጡ። ሴትዮዋ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ደብዳቤ ፈታች። "አንብብልን፣ ልጄ" አለችኝ። አነበብኩት። የአገልግሎት ዘመናቸው፣ ደረጃቸውና የዓመት ፈቃዳቸው እንደተጠበቀ ይዛወራሉ ይላል። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። እናቴ "ሸጋ ልጅ ነበር" አለች።

በሳምንቱ የመቃብሩን ኮንክሪት እነሱ አፈሰሱ። እኔን ውሃ እንኳ አላስቀዱኝም። ሲጨርሱ ሴትዮዋ ምስማር ሰጠችኝ።

"የእሱን ስም ጻፍ። ወሩንም ዓመቱንም እንዳትረሳ።"

ተንበርክኬ ጻፍኩ። መስመሩ ግን አልተስተካከለም። ላስተካክለው ስል እጄን ያዘችኝ።

"ተወው፣ ይነበባል" አለችኝ። "ይህን አንገለብጠውም።"