ጨሌ ነው የተባለው ሀብሌ

የልጄ አማት ናቫሆ ሽማግሌ ናቸው፤ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን። ባለፈው ሰመር ለንደን ሊጠይቁን ሲመጡ፣ ቱርኩዊዝ የሚባለውን ሰማያዊ ድንጋይ በእጃቸው ሞርደው፣ አንድ በአንድ በስተው የሠሩትን ሀብል አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ተሰጥቶኝ ሳጥን ውስጥ የምከት ሰው አይደለሁም። እሁድ ሀብሌን አድርጌ፣ ሽማግሌውም የራሳቸውን አድርገው፣ ሆሎዌይ ቸርቻችን ይዣቸው ሄድኩ። ቀሚሴን እንኳ የመረጥኩት ለድንጋዩ ብዬ ነው።

ፕሮግራሙ አልቆ ሻይ ስንጠጣ እትዬ አስካለ መጡ። የጸሎት ቡድናችን መሪ ናቸው፤ አይተው የሚያልፉት ነገር የለም።

«ልጄ፣ ጨሌ አንገትሽ ላይ ምን ይሠራል?»

«ኧረ እትዬ፣ ጨሌ አይደለም! የልጄ አማት ናቸው በእጃቸው የሠሩት። እኚህ ናቸው።»

«ጨሌም ሠሪ አለው» አሉና ሀብሌን ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መገሠጽ ጀመሩ። «በኢየሱስ ስም ተበጠስ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። እኔ በእንግዳዬ ፊት የምገባበት ጠፋኝ።

ሽማግሌው ግን አማርኛ የት ያውቃሉ? ሥራቸውን እየባረኩላቸው መሰላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። እትዬ አስካለ «አሜን» ሲሉ እሳቸውም እንባ አቅርረው «አሜን!» አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ሀብል አውልቀው እትዬ አስካለ አንገት ላይ አጠለቁት።

እትዬ አስካለ ደረታቸውን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የኔ ድንጋይ ካንቺ አይበልጥም?»