ሁለቱ ጥንድ ስፒከሮችና የበደሳዋ እናት ካሴት

አሰበ ተፈሪ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት፣ ካሴት የምቀዳባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ዘመኑ ደርግ ነው፣ በሰባዎቹ መጨረሻ ገደማ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነበርኩ። ሱቋ ውስጥ ሁለት ቴፖች፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ማይክና ሁለት አሮጌ ስፒከሮች ነበሩኝ። ስፒከሮቹን ያገኘኋቸው ድሬዳዋ ውስጥ ሥራ ካቆመ ሻይ ቤት ነው። ሣጥናቸው ወፍራም እንጨት፣ ፊታቸው ቡናማ ጨርቅ ነበር። ቤዝ የሚባል ወፍራም ድምፅ አያውቁም። ማንም ቢዘፍንባቸው ጉንፋን የያዘው ይመስላል። አራት ዓመት ሙሉ በእነሱ እየሰማሁ ቀዳሁ፤ አራት ዓመት ሙሉም ተበሳጨሁባቸው።

ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ካሴት ቤት ተከፈተ። ባለቤቱ ትልልቅ ስፒከሮቹን በር ላይ አውጥቶ ሲለቃቸው የእኔ ሱቅ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ከገለምሶ ጫት ይዘው የመጡት ሳይቀሩ ሸክማቸውን አውርደው እዚያ ደጃፍ ይሰማሉ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ ደግሞ እገባለሁ። ሳምንት እንኳ አልታገስኩም፤ ሱቄን ዘግቼ ድሬዳዋ ወረድኩ።

ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ የገቡ፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቁ አዲስ ስፒከሮች አገኘሁ። በባቡር እስከ ሚኤሶ ስንመጣ አንዲት ነጋዴ ሴት አንዱ ላይ ሻሽ አንጥፋ ተቀመጠችበት። ሌላውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት። ፈታሾቹ ሲደርሱ ሴትየዋ፣ "ወገቤን አሞኛል፤ ከተቀመጥኩበት አልነሣም" ብላ ጮኸችባቸው። እኔን ላብ አጠመቀኝ። እነሱ ግን አለፉን።

አሮጌዎቹን ከጎጃም ተመድበው የመጡ አንድ የሒሳብ መምህር ለሬዲዮናቸው ፈለጓቸው። ሰጠኋቸውና ተገላገልኩ።

አዲሶቹን መጀመሪያ የከፈትኩ ዕለት የጣሪያው ቆርቆሮ አብሮ ዘፈነ። ሰው ከማዶ ወደ እኔ ዞረ። ለዓመታት የማውቃቸው ዘፈኖች ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ነገር አለ ለካ፤ የከበሮው ሆድ፣ የዘፋኙ ትንፋሽ፣ የክራሩ ጅማት ሲነካ የሚሰማው ጭረት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን ያኔም ቢሆን አልተቀመጥኩም፤ እያንዳንዱን ካሴት እያወጣሁ፣ እያስገባሁ፣ የቤዙን ቁልፍ እያዞርኩ እውላለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ የገበያ ቀን ቅዳሜ ጠዋት፣ አንዲት እናት ገቡ። ከበደሳ ነው የመጡት። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ከእሱ ጋር ያለ አንድ የከተማችን ልጅ ለእረፍት መጥቶ በማግስቱ ስለሚመለስ፣ ድምፃቸውን በካሴት ሊልኩለት ፈልገዋል።

"ደብዳቤ ሰው ነው የሚጽፍልኝ" አሉ በተሰባበረ አማርኛ። "እሱ ደግሞ የሰው ቃል ምን ያደርግለታል? የኔን ይስማ።"

ማይኩን ፊታቸው አቆምኩ። ልጃቸው ያለበትን ርቀት አስበው ነው መሰለኝ መጮህ ጀመሩ። "ቀስ ብለው ይናገሩ፣ እናቴ፤ አጠገብዎ እንዳለ ያድርጉት" አልኳቸው። ያኔ ድምፃቸው ወረደ። "ኢልመ ኪያ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኦሮምኛ ስለ ቤቱ ነገሩት። ቀይዋ ላም ወልዳለች። እህቱ አግብታ ሂርና ገብታለች። ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ብርድ እንዳይመታው፣ ምግብ እንዳይንቅ መከሩት፤ እሳቸው አልሃምዱሊላህ ደህና ናቸው። እጃቸው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የብር አምባራቸው ይንሿሿል። በአዲሶቹ ስፒከሮች እሱም ጥርት ብሎ ይሰማል።

"አምባሩን ቢያወልቁትስ?" ብላቸው፣ "ተወው፤ ያውቀዋል" አሉኝ።

ድምፃቸው ራሱ ቀጭንና የደከመ ነበር። እኔ ግን የማደርገውን አላጣሁም፤ ቤዙን ጨመርኩለት። በአዲሶቹ ስፒከሮች ሲሰማ ሞቅ ያለ፣ እቅፍ የሚያደርግ ድምፅ ሆነ። እሳቸውም ሰምተው አነቡ። አንዱን ቅጂ ለእረፍት ለመጣው ወታደር ወሰዱለት፤ አንዱን እኔ አስቀረሁ፤ እሳቸውም ወደ በደሳ ተመለሱ።

እሑድ ረፋድ ላይ ቅጂውን ይዤ አጠገቤ ያለው ሻይ ቤት ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሥራዬ እንዲደነቅልኝ ነበር። በሻይ ቤቷ ባለቤት ትንሽ ቴፕ ውስጥ ከተትነው። ከውስጡ የወጣው "ሙምምም" የሚል ጉርምርምታ ነው። አንድም ቃል አይለይም።

"ሴትየዋ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው እንዴ?" አለች ባለቤቷ።

ሮጬ አውቶቡስ ተራ ገባሁ፤ አንድ ሾፌር ለምኜ በመኪናው ቴፕ አስሞከርኩ። ያው ነው። ካሴቱን ይዤ ወደ መምህሩ ቤት በረርኩ። ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሳቸው ነበር። በእነዚያ በናቅኳቸው አሮጌ ስፒከሮች ስንከፍተው፣ ገና በመጀመሪያው ቃል ጉርምርምታው ፊቴ ላይ ተደፋ።

"ትናንት በእነዚህ ብትሰማው ኖሮ ወዲያው ታውቀው ነበር" አሉኝ።

"በእነዚህ ብሰማው አምባሩን አልሰማም ነበር" አልኩ፤ እዚያ ላይ እንኳ መከራከር አልተውኩም።

"እንግዲያው ሁለቱንም ስማ" አሉና አንዱን ስፒከር ራሳቸው ተሸክመው ተከተሉኝ።

ወታደሩ ቤት ስንጠይቅ በጠዋቱ መኪና ወደ ሚኤሶ ወርዷል። የአዲስ አበባው ባቡር ከሰዓት በኋላ ያልፋል። ሱቅ ገብተን አሮጌውን በግራ፣ አዲሱን በቀኝ አቆምን። እየቀያየርን ሰማን፤ ቃሉን በአሮጌው፣ ትንፋሹን በአዲሱ። ቤዙን እስከ መጨረሻው ቀነስኩ። ድምፃቸው ያ ቀጭኑ፣ የደከመው፣ የራሳቸው ሆነ። ከዚያ መቅዳት ነው። ካሴት ደግሞ አይቸኩልም፤ እናትየዋ የተናገሩበትን ግማሽ ሰዓት ያህል ለመቅዳት ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ መምህሩ፣ "ተቀመጥ እንጂ፤ ወለሉን ጨረስከው!" አሉኝ። አልቻልኩም።

ከሂርና ሽንኩርት ጭኖ በሚወርድ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ሚኤሶ ስደርስ ባቡሩ ገና አልመጣም። ወታደሩን ጣቢያው ጥላ ሥር አገኘሁት።

"የያዝከው ካሴት ተበላሽቷል፤ በዚህ ቀይረው" አልኩት።

"አልቀይርም" አለኝ ኪሱን በእጁ ሸፍኖ። "እናትየዋ በእጄ የሰጡኝን ነው የማደርሰው። አንተን በምን አውቅሃለሁ?"

ብነግረው፣ ብምልለት አልሰማ አለ። በመጨረሻ ሻይ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ጎትቼ ወሰድኩት። ቴፗ የተሰነጠቀች፣ በገመድ የታሰረች ነች። መጀመሪያ የእሱን ካሴት ከፈትን፤ ጉርምርምታ። ቀጥሎ የእኔን፤ "ኢልመ ኪያ" አሉ እናትየዋ፣ ከባቡር ጠባቂው ሰው ጫጫታ በላይ። ወታደሩ ላሟ መውለዷ እስኪነገር ድረስ ቆሞ ሰማ። ፊቱን ወደ ሐዲዱ መለሰ።

"ስለዚች ላም ነው እኮ ሁልጊዜ የሚያወራን" አለ። የመጀመሪያውን ካሴት አውጥቶ ሰጠኝ። ባቡሩም መጣ።

ከአምስት ወር በኋላ እናትየዋ ተመለሱ። በእጃቸው ያው ካሴት ነበር። ልጁ ሌላ ካሴት ስላጣ መልሱን የቀዳው በእናቱ ድምፅ ላይ ነው። ከፈትኩት። ወጣት ድምፅ ነው፣ ትንሽ የጎረነነ። ደህና ነኝ አለ። ጥጃዋን እንዳትሸጭብኝ አለ። እናትየዋ መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አድርገው ሰሙት። ስምንት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ "ቀጭ" አለና ተቋረጠ። ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ ቀጠለ።

"ይቺ ደግሞ ማናት?" አሉ ደንግጠው።

"እርስዎ ነዎት፤ እሱ ያልቀዳበት ክፍል እንዳለ ይቀራል።"

እስከ መጨረሻው ሰሟት። "በጣም ተጨንቃለች" አሉ፣ ስለ ሌላ ሴት እንደሚያወሩ። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን አስተካክለው ማይኩ ፊት ተቀመጡ። "አዲስ ካሴት አምጣ።"

ከዚያ በኋላ ስንቱን ካሴት ቀዳሁላቸው! መልስ የመጣው ለሁለቱ ብቻ ነው። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከስቶ የጠቆረ ሰው ሱቄ በር ላይ ቆመ። ጫማው በሽቦ ታስሯል። "ወደ በደሳ የሚሄድ መኪና ዛሬ ይገኛል?" ብሎ ጠየቀኝ። መልኩን አይቼው አላውቅም። ድምፁን ግን አወቅኩት።

ማን እንደሆንኩ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። ሱቁን ከፍቼ ትቼው አውቶቡስ ተራ ድረስ አብሬው ሄድኩ። መቀመጫ ሞልቷል ተባለ። "ቆሜ እሄዳለሁ" አለ። መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ አየሁት፤ ከዚያም እስኪመሽ ድረስ ሱቁ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ።